ለቀብር እንደምናዋጣ ለሕክምናም እናስብ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጤና መድኅን ጥቂት እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ወረቀት ሳገላብጥ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ደንብና ሒሳብ ማንበብ ስለ ለመድሁ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ባለፈው ስብሰባ ላይ «መታከም መብት ከሆነ ስለምን እንከፍላለን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። በወረቀት ከሆነ መብት ነው። በ1941 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ25ኛው አንቀጽ ሕክምናን ከምግብና ከመጠለያ ጋር ይቆጥረዋል፤ አገራችንም ደግፋ ድምፅ ሰጥታበታለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት ለጤና እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። በ90ኛው አንቀጽ ግን ይህ ሁሉ የአገሪቱ አቅም እስከ ፈቀደ ድረስ መሆኑን ያመለክታል። ጭንቁ ያለው እዚችው ላይ ነው። አቅም አልፈቀደም በተባለ ዕለት በሽተኛው ምን ይሁን?

ክትባት፣ ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ። ደም ብዛቱ፣ ስኳሩ፣ ቀዶ ጥገናው ግን ከኪስ ነው። ከኪስ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚደረግ ሁላችን እናውቃለን። ሰውየው ኪኒኑን ለሁለት ከፍሎ ይውጣል፤ ቀጠሮውን ያሳልፋል፤ ሲብስበት ዕቃ ይሸጣል። እኛም ይህን ሁሉ ዝም ብለን አይተን፣ ሲሞት ድንኳን እንተክልለታለን። ለሞተው ያዋጣነው ገንዘብ ሲታመም ቢደርስለት ኖሮ ምናልባት ዛሬ አብሮን ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ መድኅን ማለት ከእድር የራቀ ነገር አይደለም። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ የደረሰበት ሰው ይረዳበታል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው። አንዳንዶች «ምዝገባው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ለምንድን ነው?» ይላሉ። እኛስ አዲስ አባል ስንቀበል የመግቢያ የምናስከፍለው ለምንድን ነው? እናቱ ስታጣጥር ብቻ የሚመጣ ሰው ቢበዛ ሣጥኑ ባዶ ስለሚቀር ነው። ይኸም እንደዚያው ነው።

ሁሉም መድኅን ግን አንድ አይደለም። ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የተቋቋሙት የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሕክምና ዋስትና የሚሸጡት በአብዛኛው ለድርጅት ሠራተኞች ነው። ነጋዴ ናቸውና ትርፍ መፈለጋቸው አያስወቅሳቸውም፤ ነገር ግን ሽማግሌና በሽተኛ ለእነሱ ኪሣራ ነው። በአንጻሩ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድኅን የታሰበው ደመወዝ ለሌለው ነው። እዚህ ከመገናኛ እስከ ሾላ ገበያ ጉሊት ለምትቸረችረው፣ ለታክሲ ረዳቱና ለቀን ሠራተኛው ማለት ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ ይጀምርና ሲያስፈልግ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ምንም ለሌለው ደሀ መንግሥት ይከፍልለታል። ለደመወዝተኛና ለእንደኔ ያለው ጡረተኛ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ሥራው ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይጀመር ቆየ። መብት በአዋጅ ብቻ እንደማይበላ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ችግሩንም አልደብቅም። እኔ ራሴ ጎረቤቴን ይዤ ሄጄ፣ መታወቂያዋን አሳይታ፣ ተመርምራ፣ በመጨረሻ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዙ» ተብለን ተመልሰናል። ገንዘብ ተቀብሎ ወረቀት ብቻ የሚሰጥ መድኅን የገባውን ቃል አላከበረም። ይህን አይቶ «እኔ አልከፍልም» ማለት ግን መፍትሔ አይሆንም። ገንዘብ ያዣችን ሒሳብ ሲያዛባ እድሩን እናፈርሳለን ወይስ ገንዘብ ያዡን እንጠይቃለን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲወሰን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የመታደሻው ጊዜ ሲደርስ በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነገር። ሁለተኛ፣ ከደሀ መዝገብ ያልገባ፣ ለመክፈልም ያልቻለ አባል ካለ እድሩ ከተራፊው ገንዘብ ያበድረውና ከወር መዋጮ ጋር ቀስ ብሎ ይመልስ። ሦስተኛ፣ መድኃኒት አጥተው የተመለሱትን መዝግበው ለወረዳው አቤት የሚሉ ሁለት ሰዎች ይመረጡ፤ መዝገቡን እኔ በነፃ እይዛለሁ።

«የእድር ገንዘብ ለቀብር ነው» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ደንባችን እንዲህ ይላል። ደንቡን የጻፍነው ግን እኛው ነን፤ የምናሻሽለውም እኛው ነን። ብድሩም ተመላሽ ስለሆነ የቀብሩን ገንዘብ አይነካም። አስቡበትና እጃችሁን አውጡ።