የሩቅ ካሜራና የቅጽበት ቲያትር



ያለ ጽሑፍ በቅጽበት በሚፈጠር ቲያትር ከመድረክ ርቆ የቆመ የካሜራ ቡድን ሊሳተፍ የሚችልበትን መንገድ በአጭሩ ላስረዳ።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በአዝማሪ ቤት አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ፣ አዝማሪው ወዲያው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። የጨዋታው ሕይወት ቅብብሉ ነው።

ተዋንያኑ በአዳማ አዳራሽ፣ የካሜራው ቡድን ደግሞ አዳሚ ቱሉ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሚሸጥበት መንገድ ዳር ነው እንበል። ሥዕሉ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ሳተላይት ቢላክ፣ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ጥያቄና መልሱ ሲደመር ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። በብዙ ቋንቋዎች በተነጋጋሪዎች መካከል ያለው ክፍተት ግን በአማካይ 0.2 ሰከንድ ገደማ ነው። በኦፕቲክ ፋይበር ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የሁለቱ ከተሞች ርቀት ከቁጥር የሚገባ መዘግየት አያመጣም፤ የሚያዘገዩት ሥዕሉን የሚያምቁትና መልሰው የሚፈቱት መሣሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ለካሜራ ሠራተኞቹ የሚሰጠው ትእዛዝ በተለየ የስልክ መሥመር ቢሄድ ይመረጣል።

ይሁን እንጂ ከመዘግየቱ የከበደ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የመመለሻው መሥመር ነው። ወጪ ለመቆጠብ ይህ ቢሠረዝ፣ የአዳማ ተመልካች የአዳሚ ቱሉን ነጋዴ እያየ ይስቃል፤ ነጋዴዋ ግን ማን እንደሚስቅባት አታውቅም። ተጫዋች መሆኗ ቀርቶ መሳለቂያ ሆነች ማለት ነው።

በ1980 እ.ኤ.አ. ኪት ጋሎዌይና ሼሪ ራቢኖዊትዝ የኒው ዮርክንና የሎስ አንጀለስን መንገደኞች ለሦስት ምሽቶች በሳተላይት አገናኝተው ነበር። መንገደኞቹ በቁመታቸው ልክ በሚታይ ሥዕል እየተያዩ፣ ያለ ልምምድ ተጨዋወቱ። የሳተላይቱ መዘግየት አላገዳቸውም፤ ሁለቱም ወገን እኩል ይተያይ፣ እኩል ይሰማማ ነበርና።

ከዚህ የተነሣ፣ በጀት ሲወጠን ከሁለተኛው ካሜራ በፊት አዳሚ ቱሉ ላይ የሚቆመው የመመለሻ ስክሪን ይታሰብ። ከቡድኑም መካከል ኦሮምኛ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ነገሩን ለባለ ገበያዎቹ ያስረዳ፣ ፈቃዳቸውንም ይጠይቅ። መሥመሩን የምንዘረጋው እኛ ነንና፣ ማን ተጫዋች ማን መሳቂያ እንደሚሆን የምንወስነውም በከፊል እኛው ነን።