ቤትም ይሠራ፣ እርሻም ይኑር



ቤት ይሠራልን ስትሉ እርሻው ይታጠር፣ ደኑ ይጨፍጨፍ ማለታችሁ እንዳልሆነ ፓርቲያችን ያውቃል። ገበሬውም ቢሆን ቤት አይሠራ አላለም። የሁለታችሁን ጉዳይ ያጋጨው ሳያማክር የሚወስነው አካል ነው።

ኮዬ ፈጬን እናስታውስ። በእርሻ መሬት ላይ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ዕጣ በ2011 ዓ.ም. ሲወጣ ተቃውሞ ተነሣ፤ ዓመታት የቆጠበው ባለዕጣም ቁልፉን ለመረከብ ገና ብዙ ጠበቀ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለተፈናቃይ ገበሬ፣ ከንብረቱ ግምት ሌላ፣ የፈቀደው የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ ነበር። በአሥራ አንደኛው ዓመት ምን ይብላ? በ2006 ዓ.ም. ቁጣ የቀሰቀሰው ማስተር ፕላንም በ2008 ዓ.ም. የተሰረዘው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ብትመርጡን፣ መሃል ከተማ ታጥረው የከረሙ ባዶ ቦታዎች ሳይገነቡ አንድ ጥማድ እርሻ አይነካም። የግድ ሲሆን ደግሞ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ገበሬውና ቤት ተመዝጋቢው በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ይነጋገሩበታል።