የፍላቂት ዳገትና የራዲያተር ክዳን



ከወልድያ ወደ ወረታ በሚዘልቀው መንገድ፣ ፍላቂት አካባቢ ያረጀ መኪና ውኃው ሲፈላ ባለቤቱ «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ብሎ ቴስታታ ለማስፈታት ይጣደፋል። ወጪው ከባድ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የራዲያተሩን ክዳን እጠረጥራለሁ። በ3000 ሜትር ከፍታ፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው በ82 አካባቢ ነው። ልዩነቱ 8 ዲግሪ ብቻ! በደጋ ውኃውን ከመፍላት የሚያግደው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ (በትኩሱ የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል) ላስቲኩ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ እዩ። ቀዝቃዛውን ሞተር ያለ ክዳን ስታስነሡት ከራዲያተሩ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ያን ጊዜ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ።