የከባድ ጭነት መኪና ጎማ ጥርስ መልሶ ስለ መቅረጽ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ብዙ ሰው የነጂና የባለ ጋራዥ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ስለሚቆጥረው ነገር፣ ይኸውም ስለ ከባድ ጭነት መኪና ጎማ ነው። ከምትሰሙኝ መካከል ብዙዎቻችሁ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች መሆናችሁን አውቃለሁ። «እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ጎማ ምኔ ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የጎማ መግዣ ጥያቄ ላይ የሚፈርመው፣ የጨረታውን ዋጋ የሚያወዳድረው፣ ያረጀውንም ንብረት ከመዝገብ የሚሰርዘው ነጂው አይደለም፤ የቢሮው ሰው ነው። ስለዚህ ብዕር የያዘ እጅ መሪ ከያዘው እጅ ባላነሰ የመንገድ ኃላፊነት አለበት።

አስቀድሜ በራሴ ላይ የደረሰውን ላውጋችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወራት በመሥሪያ ቤት የጭነት መኪና ወደ ደሴ ስንጓዝ ጣርማ በርን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል በመውረድ ላይ ነበርን። ጭጋጉ እንደ ጋቢ ተራራውን አልብሶታል፤ መንገዱም ርሷል። በድንገት ከኋላችን እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ፤ መኪናውም ወደ ገደሉ በኩል ተንሸራተተ። ነጂው ልምድ ያለው ሰው ስለ ነበረ በፍሬን ሳይደነብር በማርሽ ይዞ ከተራራው ጥግ አስደግፎ አቆመው። ነፍስ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከላይ ተቀምጦ የነበረው ረዳት ወድቆ እግሩ ተሰበረ።

ደብረ ሲና ደርሰን ጎማውን ለአንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ባሳየነው ጊዜ ጣቱን በጥርሱ መካከል ሰድዶ ዳሰሰና፣ «ልጄ፣ ይህን ጎማ የገደለው መንገዱ አይደለም፤ ቢላዋው ነው» አለኝ። ጠጋ ብዬ ብመለከት ከቦዩ ሥር ዝገት የበላው የብረት ሽቦ ይታያል። ለካ ያለቀ ጎማ በጋለ ምላጭ ተፍቆ፣ ጥርስ ያለው መስሎ፣ ለግምጃ ቤታችን ተሽጦ ኖሯል። ደረሰኙም፣ ፊርማውም፣ ማኅተሙም ሁሉ ደንበኛ ነበረ፤ ደንበኛ ያልነበረው ጎማው ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስ መልሶ መቅረጽ የሚባለውን ሥራ ሁሉ እንደ ማጭበርበር ስቆጥረው ኖርሁ። በኋላ ግን ጠይቄ ስረዳ ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን አገኘሁ። ያው ምላጭ በሚያውቅ ሰው እጅ፣ ለዚያ በተሠራ ጎማ ላይ ሲውል ገንዘብ ያተርፋል፤ በማያውቅ እጅ፣ ለዚያ ባልተሠራ ጎማ ላይ ሲውል ደግሞ ሰው ይገድላል። የዛሬው ንግግሬ ይህን ልዩነት ለማስረዳት ነው።

በአየር የሚነፋ ጎማ ለሥራ እንዲውል ያደረገው ደንሎፕ የተባለ ሰው ነው፤ ዘመኑም በፈረንጅ አቆጣጠር 1888 ነበር። ዛሬ በከባድ መኪና ላይ የምናየው ጎማ ግን ራዲያል የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ይህን የፈረንሳዩ የሚሽለን ኩባንያ በ1946 በስሙ አስመዘገበው። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ጥቁር ላስቲክ ነው። ውስጡ ግን በብረት ሽቦ ድርብርብ የታጠቀ ነው። ከዚህ መታጠቂያ በላይ መንገዱን የሚረግጠው ወፍራም ላስቲክ አለ፤ በእርሱም ላይ ጥርሶችና ቦዮች ተቀርጸዋል። ቦዮቹ ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። ዝናብ ሲዘንብ በጎማውና በአስፋልቱ መካከል የሚገባውን ውኃ ተቀብለው የሚያወጡ ናቸው። ቦይ የሌለው ጎማ፣ ሊሾ የምንለው፣ በደረቅ መንገድ የሚይዝ ቢመስልም በእርጥብ መንገድ ላይ ነጂውን ይከዳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለመልሶ መቅረጽ ተብሎ በሚሠራ ጎማ ላይ፣ ፋብሪካው በቦዩ ወለልና በብረት መታጠቂያው መካከል ከሌላው ጎማ ይልቅ ወፈር ያለ ላስቲክ ይተዋል። ጥርሱ ሲያልቅ ይህ የተቀመጠ ላስቲክ ተቆርጦ አዲስ ቦይ ይወጣለታል። እንግዲህ የሚጨመር አንዳች ነገር የለም፤ አስቀድሞ የነበረውን ማውጣት ነው።

«ታዲያ ፋብሪካው ለምን ከመጀመሪያው ቦዩን ጠልቆ አይቀርጸውም?» ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ ቢኖር ጥያቄው የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱ እንዲህ ነው። ጥርስ በረዘመ ቁጥር ከመንገዱ ጋር ሲነካካ ይወላገዳል፤ ሲወላገድ ይግላል፤ ሲግልም ቶሎ ያልቃል፤ መኪናውም ያንን መወላገድ ለማሸነፍ ነዳጅ ይፈጃል። አጭር ጥርስ ግን ጽኑ ነው። ስለዚህ ያለቀና መልሶ የተቀረጸ ጎማ ከአዲሱ ይልቅ ቀለል ብሎ ይንከባለላል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ብዙ መሥሪያ ቤት ከሁሉ ይልቅ ቆጣቢ በሚሆንበት ዕድሜው ላይ ጎማውን አውጥቶ ይጥለዋል።

ትርፉን በቁጥር ለመረዳት አንድ ምሳሌ እናድርግ። የአንድ ጎማ ቦይ አዲስ ሳለ 15 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው እንበል፤ 80,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ 3 ሚሊ ሜትር ቀረው። 12 ሚሊ ሜትር ለ80,000 ኪሎ ሜትር ከበቃ፣ መልሶ በመቅረጽ የሚገኘው 3 ሚሊ ሜትር ለ20,000 ኪሎ ሜትር ይበቃል ማለት ነው። ይህም አንድ አራተኛ ነው። ከነተሳቢው 22 ጎማ ያለውን መኪና ወስደን፣ መሪ የሚታዘዙትን ሁለቱን የፊት ጎማዎች ብንተው 20 ይቀራሉ። የ20 ጎማ አንድ አራተኛ 5 ጎማ ነው። አምስት አዲስ ጎማ በውጭ ምንዛሪ ከመግዛት ያዳንነው፣ በአንድ መኪና ብቻ! ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱትን መኪናዎች ብዛት ያሰበ ሰው የቀረውን ሒሳብ ራሱ ይሥራው።

ሥራው እንዴት ይሠራል? ቅደም ተከተሉን ባጭሩ ልናገር።

አንደኛ፣ የጎማው ጐን ይነበባል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ጎማ «ሪግሩቨብል» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ወይም ይህንኑ የሚያመለክት ምልክት በጐኑ ላይ ታትሞበታል፤ የተባበሩት መንግሥታት የጎማ ደንብ ቁጥር 54 ለዚህ ምልክት ሥርዓት አበጅቶለታል። ቃሉም ምልክቱም ከሌለ ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ማንም ሊነካው አይገባም።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ይጠበቃል። ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ሲቀር ነው የሚሠራው። ሊሾ እስኪሆን የጠበቀ ሰው የቦዩ ፈለግ ጠፍቶበታልና ምላጩን በግምት ሊመራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ጎማው ይታጠባል፤ በቦዩ የተሰኩ ጠጠሮች ይወጣሉ፤ ያበጠ፣ እስከ ሽቦው የተቆረጠ ወይም ባንድ በኩል አድልቶ ያለቀ መሆኑ ይመረመራል። እንዲህ ያለ ጉድለት ያለበት አስቀድሞ ካልተጠገነ አይቀረጽም።

አራተኛ፣ ጥልቀቱ በብዙ ቦታ ይለካል፤ የሚያዘውም ከሁሉ የሳሳው ቦታ ነው። በሳሳው ቦታ 3 ሚሊ ሜትር ቢቀርና ፋብሪካው 3 ሚሊ ሜትር እንዲቆረጥ ቢፈቅድ፣ ምላጩ በ6 ሚሊ ሜትር ይታሰራል። ከአንድ ሚሊ ሜትር ጋር መጫወት ከሰው ሕይወት ጋር መጫወት ነው።

አምስተኛ፣ በኤሌክትሪክ የሚግለው ምላጭ ፋብሪካው ባወጣው ሥዕል መሠረት የቀድሞውን ቦይ ተከትሎ ይሄዳል። ምላጩ ጫፉ ክብ መሆን አለበት፤ ሹል ማዕዘን ያለው ቦይ ከማዕዘኑ ይሰነጠቃልና። ያልጋለ ምላጭ ላስቲኩን ይቦጭቀዋል፤ ከመጠን በላይ የጋለው ደግሞ ያቃጥለዋል። ሠራተኛው ተቆርጦ የሚወጣውን የላስቲክ ፈትል እያገላበጠ ያያል። በፈትሉ ሥር ሽቦ ከታየ ወይም በቦዩ ወለል ብረት ብቅ ካለ ያ ጎማ ተበላሽቷል፤ ከመኪና ሥር ሊገባ አይገባም። ውኃ በዚያ ይገባል፤ ሽቦው ይዝጋል፤ ድርብርቡም ይላቀቃል፤ ከዚያም በኋላ እኔ በጣርማ በር ቁልቁለት የሰማሁት ድምፅ ይሰማል።

ገበሬያችን ይህን ነገር ካወቀው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ማረሻው ሲደንዝ ለቀጥቃጭ ሰጥቶ ያስመታዋል፤ ብረት እስካለው ድረስ ያርስበታል። ብረቱ ካለቀ ግን ቢያስመታው እንደማይረባ ያውቃል። ጎማም እንዲሁ ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ላይ ሕግ አውጥተዋል። በአሜሪካ ሕግ ከተቀረጸ በኋላ ከቦዩ ሥር ሽቦውን የሚሸፍን ላስቲክ ቢያንስ 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል መቅረት አለበት። የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ መልሶ የተቀረጸ ጎማ በፊት እግሩ እንዳያደርግ በዚያው አገር ተከልክሏል፤ ከፍ ያለ ጭነት የሚሸከሙ መልሰው የተቀረጹ ጎማዎችም በጭነት መኪና የፊት እግር ላይ አይፈቀዱም። የቤት መኪና ጎማን መልሶ መቅረጽ ፈጽሞ አይገባም፤ ለዚያ የሚበቃ ላስቲክ ከሥሩ የለውምና። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪውን ከነጂው እጅ ይነጥቃል፤ ስለዚህ ሕጉ ባያስገድደን እንኳ መልሶ የተቀረጸውን ከኋላ ማድረግ ጥበብ ነው።

ከኋላም ሲደረግ ሁለት ነገር ይታወስ። መቅረጽ የጎማውን ቁመት አይጨምርም፤ ስለዚህ ከአዲስ ጎማ ጋር ጐን ለጐን ቢታሰር አዲሱ ቁመቱ ስለሚበልጥ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል። ጥንዶቹ እኩያ ይሁኑ። ደግሞም ከሥሩ ያለው ላስቲክ ስለሳሳ ሹል ድንጋይ ይፈራል፤ ወደ ድንጋያማ የጠጠር መንገድ ሳይሆን በአስፋልት ለሚሄድ መኪና ይመደብ። የአየሩ መጠን ጎማው ሳይግል በጠዋት ይለካ። አየሩ የጐደለ ጎማ በአፋር በረሃ ሙቀት፣ አዲስም ቢሆን፣ የተቀረጸም ቢሆን፣ ዕድሜ የለውም።

በመልካም የተቀረጸ ጎማ ሥራውን ሲጨርስም ገላው ደኅና ከሆነ አዲስ ላስቲክ ሊለበጥለት ይችላል። በዚህ ዓይነት አንዱ ጎማ አዲስ ሆኖ፣ ተቀርጾ፣ ተለብጦ፣ አንዳንዴም እንደገና ተቀርጾ አራት ጊዜ ያገለግላል።

እንግዲህ ከመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚፈለገው ምንድን ነው? ጎማ ሲገዛ ምልክቱ ያለበት መሆኑ በጨረታው ጽሑፍ ይጻፍ። እያንዳንዱ ጎማ በቁጥሩ ይመዝገብ፤ መቼ እንደ ታሰረ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ፣ መቼና በማን እንደ ተቀረጸ ይታወቅ። ግምጃ ቤት የሚረከብ ሰው ደረሰኙን ብቻ ሳይሆን የጎማውን ጐን ያንብብ፤ በጣቱም ይዳስስ። ያለቀ ጎማ ሲሸጥ ተመልሶ አዲስ መስሎ እንዳይመጣ ጐኑ ይቀደድ። ይህ ሁሉ ሊቅነት አይጠይቅም፤ ትጋት ብቻ ይበቃዋል።

ያ ረዳት ከብዙ ወራት በኋላ ድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እስከ ዛሬ ግን ዳገት ሲወጣ እግሩን ይጐትታል። የግዢውን ወረቀት ካዘዋወርነው መካከል አንዱ እኔ ነበርሁ። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ ጎማውን ግን አላየሁትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ይህን የምነግራችሁ ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን ሳይዘገይባችሁ ነገ ጠዋት ከመሥሪያ ቤታችሁ ግቢ ስትገቡ ከቆመው የጭነት መኪና አጠገብ ጥቂት ቆማችሁ ወደ ጎማው ጐንበስ ብትሉ ንግግሬ ከንቱ አልሆነም።

 እግዚአብሔር በሰላም ያሳድራችሁ፤ በመንገድ ያሉትንም በሰላም ያግባቸው።