በትርፍ ጊዜ ኮምፒዩተርን ማዘዝ ስለ መማር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ፕሮግራሚንግ ወይም ኮዲንግ ስለሚባለው ትምህርት ነው። ስሙን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ምንነቱን ግን ልጆቻችሁን ጠይቃችሁ የሚያጠግብ መልስ ያገኛችሁ አይመስለኝም። እኛ ይህን ትምህርት ከመደበኛው ትምህርት በተረፈን ጊዜ፣ እኩሌታውን በስልክ ብቻችንን፣ እኩሌታውን በመምህር ፊት አብረን ተምረናል። ያገኘነውን ጥቅምና የሠራሁትን ስሕተት ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ኮምፒዩተር ዐዋቂ ነው ሲባል እንሰማለን። እኔ የተረዳሁት ግን እጅግ ታዛዥ እንጂ ዐዋቂ አለመሆኑን ነው። አንዲት እናት ልጇን «ቡና አፍዪ» ብትላት፣ ልጅቱ እሳቱን ማንደድ፣ ውሃውን መቅዳት፣ ሲኒውን ማጠብ እንደሚያስፈልግ ሳይነገራት ታውቃለች። ኮምፒዩተር ግን «እሳት አንድድ» ካልተባለ ጀበናውን በቀዝቃዛ ምድጃ ላይ ጥዶ ሲጠብቅ ይኖራል። ፕሮግራም ማለት እንግዲህ ለዚህ ታዛዥ አገልጋይ አንድም ሳይቀር በተራ በተራ የሚጻፍለት የትእዛዝ ዝርዝር ነው። አዳ ላቭሌስ የምትባል እንግሊዛዊት፣ ኮምፒዩተር የሚባል መሣሪያ ገና ሳይሠራ፣ በ1843 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው መኪና ማዘዝ የምናውቀውን ይሠራል እንጂ ከራሱ የሚያመነጨው ነገር እንደ ሌለ ጽፋ ነበር።

በአገራችን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ዕቅድ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋራ በመተባበር ተጀመረ። በሦስት ዓመት ውስጥ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የፕሮግራሚንግን፣ የዳታ ሳይንስን፣ የአንድሮይድንና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስን መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት በነፃ እንዲማሩ የታሰበ ነበር። ይህ ወሬ ገሰራም ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ልዩ ልዩ ትምህርቶች እየፈለግን፣ ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው ከጓደኛው ተጠግቶ 11 ተማሪዎች ጀመርን።

ክረምቱ ሳያልቅ ግን 3 ብቻ ቀረን። ምክንያቱ ምን ይሆን? መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይቆረጣል፤ ካርድ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚብሰው፣ የማይገባ ነገር ሲገጥም የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ሰው ብቻውን ሲሰናከል መንገዱ መጥፎ ነው አይልም፤ እኔ ሰነፍ ነኝ ይላልና ይመለሳል። ጓደኞቼም የተመለሱት እንዲህ እያሉ ነው።

እኔ አልተመለስሁም፤ አካሄዴ ግን ከመመለስ የከፋ ነበር። ከትምህርቱ መካከል ለሚመጡት ጥያቄዎች መልሱን ከሌላ ሰው እየገለበጥሁ እስከ መጨረሻው ደረስሁና ሰርቲፊኬት ተቀበልሁ። አባቴም በደስታ አሳትመው በቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ጎረቤት ሲመጣ «ይህ የልጄ ነው» ይሉ ነበር።

የስንዴው አጨዳ በደረሰ ጊዜ አባቴ ጠሩኝና «ልጄ፣ እንግዲህ ተምረሃል፤ የኮምባይነሩን ሒሳብ በኮምፒዩተርህ አውጣልኝ» አሉኝ። እንደምታውቁት በእኛ አገር ለኮምባይነር የሚከፈለው በኩንታል ነው። ከሁለቱ ማሳችን ከአንዱ 12፣ ከሁለተኛው 8 ኩንታል ተገኝቶ ነበር። ፕሮግራሙን ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ሦስት ምሽት ደክሜ ጻፍሁ። ሁለቱን ቁጥሮች አስገባሁ፤ ደምር አልሁት፤ ወደ ዋጋው ሳልደርስ ድምሩ ወጣ። ድምሩ 128 ኩንታል ነበር።

አባቴ አልተቈጡም። ለረጅም ጊዜ ከሣቁ በኋላ «ይህ መሣሪያ ከማዳበሪያ ይበልጣል፤ ለከርሞ አብረን እንዝራው» አሉ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ሣቀ። እኔ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ቀና ብዬ ለማየት አፈርሁ።

ስሕተቱን አራት ምሽት ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁ፤ ቪዲዮው ግን የእኔን 128 አያውቀውም። ኋላ የሒሳብ መምህራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት የኮምፒዩተሩን ክፍል እንደሚከፍቱልን ሰማሁና ሄድሁ። መምህሩ መልሱን አልነገሩኝም። «12 ብለህ ስትጽፍለት ኮምፒዩተሩ የተቀበለው ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ዐይኔ ተገለጠ። በፓይተን ከሰው በጥያቄ የሚቀበሉት ነገር ሁሉ፣ ወደ ቁጥር እንዲለወጥ ካልታዘዘ በቀር፣ እንደ ጽሑፍ ይቈጠራል። ሁለት ጽሑፎች «ይደመሩ» ሲባል ደግሞ ጎን ለጎን ይቀጠላሉ። 12 የተጻፈበትን ወረቀት 8 ከተጻፈበት ጋራ ብናጣብቀው 128 ተብሎ እንደሚነበብ ያለ ነው። ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም፤ ያዘዝሁትን ፈጸመ። አንዲት ቃል ጨምሬ «ይህን ቁጥር አድርገው» ባልሁት ጊዜ 20 ብሎ መለሰ። ይህ ነገር በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ተነግሮ ነበር፤ እኔ መልሱን ስገለብጥ ያለፍሁት እርሱን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠናናችንን ለወጥን። ከሰኞ እስከ ኀሙስ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት፣ መብራትና ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ያወረድነውን ትምህርት እናያለን፤ ትእዛዙንም አስቀድመን በደብተር ላይ እንጽፋለን። ዐርብ ያልገባንን ጥያቄ አድርገን እንይዛለን። ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆነን በአንድ ኮምፒዩተር እንቀመጥና አንዱ ሲጽፍ ሌላው እያነበበ ስሕተት ይፈልጋል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ቦታ እንለዋወጣለን። ስሕተቱን ያገኘ ለሁሉም ያስረዳል። እኔ ፊደል በቈጠርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ታላላቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን ያስጠኑ ነበርና፣ ይህንኑ ልማድ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል አመጣነው። በሮቤ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የገሰራ ልጆችም ለዕረፍት ሲመጡ አልፎ አልፎ ረድተውናል።

ታናናሾቻችንን እጅግ ደስ ያሰኛቸው አንድ ነገር አለ። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ፓይተን ደግሞ ለምናስቀምጣቸው ነገሮች በራሳችን ፊደል ስም እንድናወጣ ይፈቅዳል። የትእዛዙ ቃላት እንግሊዝኛ ቢሆኑም «ኩንታል» እና «ዋጋ» ብለን ጽፈን ኮምፒዩተሩ ሲቀበለን፣ እንግዳ ቤት ገብቶ በስሙ የተጠራ ሰው የሚሰማው ደስታ ተሰምቶናል።

ግማሹን ከመሣሪያ፣ ግማሹን ከመምህር መማር ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰጥ የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት መምህሮቻችን ያስታውሱታል። በጊዜው ብዙ ተማሪዎችና መምህራን ያቀረቡት ወቀሳ፣ ፕላዝማው በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ይናገራል፤ ተማሪው ገባው አልገባው አይጠብቅም፤ ለመምህሩም የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው የሚል ነበር። የዛሬው ቪዲዮ ቁም ሲሉት ይቆማል፤ ድገም ሲሉትም ይደግማል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን የተማሪውን ፊት አይቶ «አልገባህም» የሚል አሁንም መምህር ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ማሽን ተገኝቷል፤ ለምን ትደክማላችሁ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን ያን 128 ኩንታል አስታውሳለሁ። መልሱ ሐሰት መሆኑን በመጀመሪያ ያወቀው ማን ነበር? ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ሰርቲፊኬት የያዝሁት እኔም ለአንድ አፍታ አምኜው ነበር። ያወቁት ማሳቸውን የሚያውቁት አባቴ ናቸው። ማሽን የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሰጠውን መልስ መዝኖ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይ ሰው ያስፈልገዋል። ይህም ዕውቀት ከሌላ በመገልበጥ አይገኝም።

ወላጆች ሆይ፤ ፈተና እያለብን በስልክ ጊዜ የምናጠፋ መስሏችሁ እንደምትሠጉ አውቃለሁ፤ ሥጋታችሁም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እኔም በፊተኛው መንፈቅ ሌሊቱን ሁሉ በኮዲንግ እያነጋሁ የሌላ ትምህርት ውጤቴ ዝቅ አለና አባቴ ስልኬን ለአንድ ወር ወሰዱብኝ። መውሰዳቸው ትክክል ነበር። ስለዚህ ፈጽማችሁ አትከልክሉን፤ ልክ አውጡልን። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ይበቃል።

ደግሞም ስለ እኅቶቻችን እለምናችኋለሁ። ከጀመርነው ከ11ዱ 4ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ቅዳሜ የምትመጣው ግን አንዲት ናት። የሌሎቹ ቅዳሜ በውሃ መቅዳትና በልብስ ማጠብ ያልቃል። እኛ ወንዶቹ ጄሪካኑን ለአንድ ጧት ብንሸከም እነርሱ ሁለት ሰዓት ያገኛሉ። ይህን ስናገር ባለፈው ዓመት ራሴ እንዳላደረግሁት አምናለሁ፤ አሁን ግን ጀምሬአለሁ።

መምህሮቻችን ሆይ፤ የቅዳሜው በር እንዳይዘጋ አደራ። እኛ የዘንድሮ ተፈታኞች እንሄዳለን፤ ከኋላችን የሚመጡት ሲሰናከሉ የሚጠይቁት ሰው ይኑራቸው። ጓደኞቼ ሆይ፤ እናንተም መልስ አትገልብጡ። የገለበጡት መልስ በአሸዋ ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነው፤ በአጨዳ ጊዜ በአባት ፊት ይፈርሳል።

ለመጨረሻ አንድ ነገር ልናገር። ያ ስሕተት ከታረመ በኋላ ሰርቲፊኬቱን ከግድግዳው አወረድሁትና ለአባቴ እውነቱን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ትምህርቱንም ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ጥያቄውን ሁሉ በራሴ እየመለስሁ ጨረስሁ። ከዚያም በኋላ የሁለቱን ማሳ ምርት፣ የኮምባይነሩንና የጆንያውን ዋጋ በአንድነት የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍሁ። አባቴ በእጃቸው ካሰሉት ሒሳብ ጋራ አመሳከሩት፤ ገጠመ። ወረቀቱንም አንሥተው በቀድሞው ቦታ መልሰው ሰቀሉት። «አሁን ይሰቀል፤ አሁን ያንተ ነው» አሉኝ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክ።