ወደ ቁልቢ የሚወስደው የመጀመሪያው ቀን

(በመልካ ጀብዱ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶቻችን ካህናት፣ ክቡራን የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞችና እኅቶች፤

ስለ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በዓል ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው መድረሻውን ነው። ዛሬ ግን ከዚህ ከመልካ ጀብዱ በእግሩ የሚነሣ ምእመን በመንገድ ስለሚያሳልፈው የመጀመሪያ ቀን ልንነጋገር ወድደናል። ስለቱ የሚፈጸመው በቁልቢ ቢሆንም፣ የምእመኑ ጤንነትም የእኛ ምስክርነትም የሚፈተነው በመንገድ ላይ ነውና።

በራስ መኮንን የተመሠረተው ይህ ደብር ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከአገር ውስጥና ከውጭ የሚመጣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይቀበላል። በታኅሣሥ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእቶን እሳት የዳኑበት፣ በሐምሌ ደግሞ ሕፃኑ ቅዱስ ቂርቆስና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ከፈላው ውኃ የዳኑበት ይታሰባል። ሁለቱም በዓላት የሚቃጠልን ስለ ማብረድ ይነግሩናል። እንግዲህ ወደዚህ በዓል የሚሄድ መንገደኛ በውኃ ጥም ሲቃጠል ዝም ብሎ ማየት ለእኛ አይገባም።

መንገዱን በሰዓት እንመልከተው። ከመልካ ጀብዱ የሚነሣ ሰው ድሬዳዋ ከተማን እስኪያገኝ ሁለት ሰዓት ያህል ይጓዛል። የከተማው እግረኛ ጉዞውን ሲጀምር የእኛ ሰው ቀድሞ ደክሟል ማለት ነው። ከከተማው 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ተነሥቶ ወደ ደንገጎ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደንገጎ ላይ ከሐረር የሚመጣው መንገድ ይገናኘዋል፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ በላንጌ በኩል ወደ ቁልቢ ይዘልቃል። ሌሊት 9 ሰዓት የተነሣ እግረኛ ዳገቱን በንጋት ቅዝቃዜ ይጀምራል። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣው ግን ቀትር ላይ ገና ዳገቱ መካከል ነው።

በታኅሣሥ ሌላም ነገር ይጨመራል። በዓሉ የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሆነ፣ ብዙዎች እህልም ውኃም ሳይቀምሱ ይወጣሉ። ስለዚህ የሚያጠቡ እናቶች፣ አረጋውያንና ሕሙማን ከመነሣታቸው በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ አባቶች አስቀድማችሁ ብታስተምሩልን እንወዳለን።

ባለፈው ታኅሣሥ ከእግረኞች ጋር በወጣንበት ቀን ያየነውን እንንገራችሁ። አንዲት እናት በስለት ያገኘችውን ልጇን አዝላ ለክርስትና ትወስድ ነበር። ዳገቱ ሳይጋመስ የያዘችው ውኃ አለቀ። በመንገድ ዳር ጀሪካን አዝለው የሚወጡ አንዲት ሙስሊም እናት አዩዋት፤ ጀሪካናቸውንም አውርደው ለእርሷም ለልጁም አጠጡ። ገንዘብ ብንዘረጋላቸው አልተቀበሉም። ያ ውኃ ለቤታቸው የቀን ቀለብ ነበር፤ ከሸለቆው በጀርባቸው ያወጡት ነው።

ጥቂት እንደ ሄድን ደግሞ የበዓል መንገደኛ ጥሎት ያለፈውን የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከድንጋዩ ጀርባም የተጸዳዳበትን ቦታ አየን። ቦታው ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ወደ ሸለቆው የሚወርድበት ቦይ ነው። ወገኖቻችን ሆይ፣ እኒያ እናት ንጹሕ ውኃ ሰጡን፤ እኛ ግን ወደሚቀዱበት ሸለቆ የምንመልሰው ይህንን ነው። ስለታችንን ፈጽመን የጎረቤታችንን ውኃ ብንበክል በረከቱ እንዴት ሙሉ ይሆናል?

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት የውኃ ማደያ ይዘጋጅ። ውኃው ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ እንደ ውኃ አጋር ባለ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ታክሞ 30 ደቂቃ ይቆይ። ተቅማጥ ለያዘውና ለተዳከመ ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ ይበጥበጥ፤ እርሱ ከጠፋ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ከቀበሌውና ከመሬቱ ባለቤት ጋር አስቀድሞ በመስማማት በማረፊያ ቦታዎች ጊዜያዊ መጸዳጃ ይቆፈር። ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የሴቶችና የወንዶች ይለይ፤ ውኃና ሳሙና አይታጣበት፤ ከበዓሉ በኋላም በአፈር ይደፈን።

ሦስተኛ፣ እግረኞች በቡድን፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና በሚያዩበት በግራ ጠርዝ ይሂዱ። በጨለማ ነጭ ነጠላ ይልበሱ፤ የፊተኛውና የኋለኛው ሰው የእጅ ባትሪ ይያዙ።

አራተኛ፣ ከበዓሉ ማግስት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ማዳበሪያ ይዘው ወደ ዳገቱ ይመለሱ፤ የወደቀውንም ይልቀሙ። የአካባቢው ሰው ስንሄድ ብቻ ሳይሆን ስንመለስም ይየን።

ይህ ሁሉ ከሰበካው አቅም በላይ የሆነ ወጪ አይጠይቅም። ምእመናን ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ጧፍና ዕጣን ይሳላሉ፤ መልካም ነው። ሆኖም ለመንገደኛ አሥር ጀሪካን ውኃ መቅዳትም፣ ጉድጓድ መቆፈርም ስለት ሊሆን እንደሚችል ከዐውደ ምሕረት ቢነገር፣ በጉልበቱ ብቻ የሚኖር ድሃ ምእመንም የሚሳለውን ያገኛል። ጌታችን ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ያስተማረው ትምህርት በደንገጎ ዳገት ላይ በተግባር ይተረጎማል።

ኅዳር 15 ቀን ጾሙ ሳይገባ፣ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ለውኃው፣ ለመጸዳጃውና ለጽዳቱ ኃላፊ የሚሆኑ ሦስት ሰዎች እንዲመርጥ በትሕትና እንጠይቃለን። ከመካከላቸው ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ ልጅ አዝሎ ዳገት መውጣት ምን እንደሚጠይቅ ከሁላችን ይልቅ የምታውቀው እርሷ ናትና።

ቅዱስ ገብርኤል መንገደኞቻችንን ይጠብቅልን፤ በመንገዱ ዳር የሚኖሩ ጎረቤቶቻችንንም ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።