ሲበሩ የሚያድሩ ኮምፒዩተሮች

አቅራቢ 1፦ የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ክፍል ማታ ይቆለፋል፤ ማሽኖቹ ግን እንደበሩ ያድራሉ። በየቢሮውም እንዲሁ ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

አቅራቢ 2፦ ሒሳቡን እንየው እስቲ። አንዱ ከነስክሪኑ 60 ዋት ይወስዳል ብንል፣ 20 ኮምፒዩተሮች በ14 ሰዓት ውስጥ 16.8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በአንድ ሌሊት፣ ለማንም ሳይሠሩ!

አቅራቢ 1፦ «ስክሪን ሴቨር አለው እኮ» የሚሉም አሉ።

አቅራቢ 2፦ እሱ ኃይል አይቆጥብም። የተሠራው በድሮዎቹ ባለቱቦ ስክሪኖች ላይ የቆመ ምስል ታትሞ እንዳይቀር ነው። ኃይል የሚቆጠበው ስክሪኑ ሲጠፋና ማሽኑ «ስሊፕ» ወደሚባለው እንቅልፍ ሲገባ ነው፤ ያኔ ጥቂት ዋት ይበቃዋል።

አቅራቢ 1፦ መብራት ቢጠፋስ? እኛ አገር ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው።

አቅራቢ 2፦ ልክ ነሽ። በስሊፕ ላይ እያለ መብራት ከሄደ፣ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ይጠፋል። «ሃይበርኔት» ግን የተከፈተውን ሁሉ ሃርድ ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ነው የሚዘጋው። ለቢሮ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

አቅራቢ 1፦ ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲፈታ ሃይበርኔት እንዲገባ አንዴ ከተስተካከለ ደግሞ በራሱ ይሠራል። መብራት ያልደረሰው ስንት ወገን እያለ ኃይልን በባዶ ክፍል ማባከን ተገቢ አይደለም። ርዕሳነ መምህራን፣ የቢሮ ኃላፊዎች፣ የአይሲቲ ባለሙያዎቻችሁን ነገ ጠዋት አነጋግሯቸው።